ግድግዳው ላይ 22ቱንም ዓመት እንጻፍ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ በተደረገው የአርሴናል ደጋፊዎች ስብሰባ የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ብዙዎች ስለጠየቃችሁኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ጽፌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ! እንደምን ዋላችሁ የሐዋሳ መድፈኞች!

ከአቶቴ በባጃጅ የመጣችሁ፣ ከታቦር ሥር በእግራችሁ የወረዳችሁ፣ ከሻሸመኔ ድረስ ለዚህ ብላችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ ወንበር አጥታችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ ክብረት ይስጥልኝ። እህቶቼን ዛሬ በርከት ብላችሁ ሳያችሁ ደስ ብሎኛል። በእኛ ጊዜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ማየት ብርቅ ነበር።

ለምን እንደተሰበሰብን ታውቃላችሁ። ኳስ የምናይበት ቤት ሊታደስ ነው። ግድግዳው ሊቀባ ነው። የቤቱ ባለቤት እህታችን "የፈለጋችሁትን ሥዕል አሥሉበት" ብላ ፈቅዳልናለች። እግዚአብሔር ይስጥልን። አርሴናልን 22 ዓመት ያሰለጠነው የአርሰን ቬንገር ሥዕል ይሁን በሚለው አብዛኞቻችን ተስማምተናል። ጠቡ የመጣው ከሥዕሉ ሥር በሚጻፈው ዓመት ነው።

አንዱ ወገን "ከ1996 እስከ 2018 ይጻፍ" አለ። ሌላው "ከ1996 እስከ 2006 ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ውርደት ነው። ውርደት ግድግዳ ላይ አይጻፍም" አለ። አንድ ወጣት ደግሞ የአሁኑን አሰልጣኝ ጠርቶ ተነስቶ "እኔ የማውቀው አርቴታን ነው፣ ቬንገር ለእኔ ምን አደረገልኝ?" አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ባለፈው ቅዳሜ እኮ ሁለት ሰዎች ሸሚዝ ለሸሚዝ ተያይዘዋል። ለምን? ለአንድ ቁጥር!

እኔ ግን ነገሩ የቁጥር ብቻ አይመስለኝም። ስለዚህ ሐሳቤን ይዤ ቆሜያለሁ። በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰውዬው ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ። ቀጥሎ "ውርደት" ስለተባለው ጊዜ። እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ታገሡኝ። መጨረሻ ላይ ስለ አወጣጡ። ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ። በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

አንደኛ። ሲመጣ ማንም አያውቀውም ነበር። ከጃፓን ነው የመጣው፣ ናጎያ ግራምፐስ ከሚባል ክለብ። የለንደን ጋዜጣ "አርሰን ማነው?" ብሎ ጻፈ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው። ሞናኮን በ1988 የፈረንሳይ ሻምፒዮን አድርጎ እንደነበር እንግሊዝ ውስጥ ስንቱ ያስታውሳል? ላይቤሪያዊውን ጆርጅ ዊሃን ከካሜሩን ክለብ ወደ አውሮፓ ያመጣው እሱ እንደሆነ ስንቱ ያውቃል?

የመጀመሪያ ጨዋታው ኦክቶበር 12 ቀን 1996 ከብላክበርን ጋር ነበር። 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱንም ያገባው ኢያን ራይት ነው። የሚበሉትን አስተካከለ። ቸኮሌት ከለከለ። ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ቸኮሌታችንን መልስልን እያሉ እንደዘፈኑበት እሱ ራሱ ተርኮታል። ካፒቴኑ ቶኒ አዳምስ የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ የተናገረው ቬንገር ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያ ሰው በሜይ 1998 ኤቨርተንን 4 ለ 0 አሸንፈን ዋንጫውን ስናረጋግጥ የመጨረሻዋን ጎል አገባ። ተከላካይ ነው እኮ! ያን ዓመት ሊጉንም፣ የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኤፍኤ ካፑንም ወሰድን። በ2002 ደገምነው። የሊጉን ዋንጫ ያረጋገጥነውም በማንችስተር ዩናይትድ፣ በማንቼ ሜዳ ላይ፣ በዊልቶርድ ጎል ነው።

እኔ ግን አርሴናልን የያዝኩት በዋንጫ አይደለም። በካኑ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፣ በእኛ 1991። ካኑ ልቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የዳነ ናይጄሪያዊ ነው። ለአርሴናል የመጀመሪያ ጨዋታውን በኤፍኤ ካፕ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር አደረገ። የሼፊልድ ተጫዋች ተጎድቶ ወደቀ። የራሳቸው በረኛ ኳሱን ሆን ብሎ ወደ ውጭ መታው። በልማዱ ኳሱ ለእነሱ ይመለሳል። ፓርለር ሊመልስላቸው ወረወረው። ካኑ ልማዱን ረስቶ ይሁን ሳይገባው፣ ሮጦ ያዘውና ለኦቨርማርስ አቀበለው። ኦቨርማርስ አገባው። 2 ለ 1።

ሰኞ ጠዋት የስፖርት አስተማሪያችን ክፍል ገብቶ ይህን ነገረን። "በሕጉ ጎሉ ጎል ነው። ዳኛው አጽድቆታል። ቬንገር ግን ጨዋታው ይደገም ብሎ ጠየቀ" አለን። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም አለ። ያሸነፈ ሰው እንድገመው ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በጨርቅ ኳስ እየተጫወትን ለአንዲት አውት የምንደባደብ ልጆች ነበርን። ጨዋታው ተደገመ። አሁንም 2 ለ 1 አሸነፉ። እኔ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሌላ ክለብ አላውቅም።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ሐዋሳ ላይ ላደገ ሰው ያ ዓመት በእኛም 1996 ነው! ቬንገር በፈረንጅ 1996 መጣ። አርሴናል ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደበት ዓመት ደግሞ በእኛ 1996 ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ማን ነበር? ንገሩኝ! አዎ፣ ሐዋሳ ከነማ! የራሳችን ልጆች! እዚህ ከተማ ሁለት ደስታ በአንድ ዓመት ገባ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ 1996 የሚለው ሲጻፍ ለእኛ ሁለት ጊዜ ይነበባል።

38 ጨዋታ። 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የለም። 90 ነጥብ። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ አንድም ሳይሸነፍ ሊግ የጨረሰ ፕሬስተን ብቻ ነበር። እሱም በ1889፣ በ22 ጨዋታ። የሚያዝያ 17 እሁድ አይረሳኝም። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። ቶተንሃም ሜዳ ላይ 2 ለ 2 ወጥተን ዋንጫው ተረጋገጠ። ቪዲዮ ቤቱ የቆርቆሮ ነበር። ላቡ ከጣራ ይንጠባጠባል። ስንወጣ ፒያሳ ድረስ እየዘፈንን ሄድን። ሎረን ካሜሩናዊ፣ ኮሎ ቱሬ አይቮሪኮስታዊ፣ ካኑ ናይጄሪያዊ። የእኛም ቡድን ነበር ብል ማን ይከለክለኛል?

እዚህ ድረስ ጠብ የለንም። 2006 ይበቃል የምትሉትም እስከዚህ ከእኔ ጋር ናችሁ። አሁን ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

የድሮው ሜዳችን ሃይበሪ የሚይዘው 38 ሺህ ሰው ገደማ ነበር። ማንቼ የእኛን እጥፍ ሊያስገባ ምንም ያህል አልቀረውም። በ2003 አብራሞቪች ቼልሲን ገዛ። በ2008 የአቡዳቢ ገንዘብ ማንችስተር ሲቲ ገባ። አርሴናል በምን ይወዳደር? ስለዚህ ቤት መሥራት ግድ ሆነ። 60 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ 390 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ ስታዲየም፣ ኤምሬትስ። አብዛኛው በብድር። ቬንገር ራሱ እንደተናገረው አበዳሪዎቹ ለአምስት ዓመት እንዲፈርም ፈልገው ነበር። እስቲ አስቡት! ባንክ የአንድን አሰልጣኝ ፊርማ እንደ ዋስትና ሲቆጥር። ሰውዬው ፈረመ። ፈርሞ የገባበት ነገር ምን እንደሆነ እንድታዩልኝ የአባቴን ቤት ልንገራችሁ።

አባዬ አስተማሪ ነበር። አቶቴ ላይ ቦታ አግኝቶ ቤት ሲጀምር እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሲጨርስ ዘጠነኛ ገባሁ። ስድስት ዓመት። በስድስቱ ዓመት የበዓል ልብስ አልተገዛልንም። የታላቅ ወንድሜን ሱሪ እናቴ እያሳጠረች ታለብሰኛለች። ደሞዝ ሲወጣ ሲሚንቶ ነው። ደሞዝ ሲወጣ ቆርቆሮ ነው። ደሞዝ ሲወጣ ሚስማር ነው። አንድ ፋሲካ ላይ የጎረቤት ልጆች አዲስ ጫማ አድርገው መጡ። አለቀስኩ። "እኛ ድሃ ነን ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት።

አባዬ አልተቆጣኝም። እጄን ይዞ ወደ ቦታው ወሰደኝ። ግድግዳ የለም። መሠረት ብቻ ነው ያለው። አንድ ጥግ ላይ ድንጋይ ላይ አቆመኝና "ይሄ ያንተ መኝታ ነው" አለኝ። እኔ የታየኝ ድንጋይ ነው። ሌላ ምንም አልታየኝም። ዛሬ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ የምኖረው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ልጄ የሚተኛው እዚያች ጥግ ነው።

ከ2006 በኋላ ያለውን አርሴናል ሳስብ የሚመጣብኝ ያ ድንጋይ ነው።

ሄንሪ በ2007 ወደ ባርሴሎና ሄደ። አደባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2009 ወደ ሲቲ። ፋብሪጋስና ናስሪ በ2011። በ2012 ካፒቴናችን ቫን ፐርሲ ሄደ። ወዴት? ወደ ማንቼ! በዓመቱ ሻምፒዮን ሆኖ ኤምሬትስ ሲመጣ የእኛ ልጆች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡለት። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ማየት አቅቶኝ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። በ2008 ፌብሩዋሪ ላይ ሊጉን በአምስት ነጥብ እየመራን ነበር። ኤድዋርዶ በርሚንግሃም ላይ እግሩ ተሰበረ። ቡድኑም አብሮ ተሰበረ። በ83 ነጥብ ሦስተኛ ሆንን። በ2011 የካርሊንግ ካፕ ፍጻሜ ላይ በረኛችንና ተከላካያችን ተናበው ባለመጫወታቸው በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ገባብን።

ይሄ ሁሉ ልክ ነው። አልክድም። ግን በዚያው ጊዜ ምን ሆነ? ከ1997 እስከ 2016፣ 20 ዓመት በተከታታይ ከአራተኛ በታች ወርዶ አያውቅም። ሃያ ዓመት! ኮከቦቹን እየሸጠ፣ ዕዳ እየከፈለ፣ 19 እና 20 ዓመት ልጆችን እያሰለፈ። ሌሎቹ በየዓመቱ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ። እሱ ሲሚንቶ ይገዛል። አራተኛ መሆን እንደ ዋንጫ ነው ሲል ስንት ጊዜ ሙድ ተያዘብን? እኔም አፍሬ ነበር። ዛሬ ግን እጠይቃችኋለሁ። በዚያ ጊዜ ከአራተኛ በታች ወርደን ከቻምፒየንስ ሊግ አንድ ሁለት ዓመት ብንቀር፣ ያ ዕዳ በምን ይከፈል ነበር?

አሁን ማንቼ 8 ለ 2 ስላሸነፈን ቀን እናውራ። ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም።

ነሐሴ 22 ቀን 2003 በእኛ። እሁድ። ዝናቡ ሲወርድ ጣራው ይጮሃል። ኦልድ ትራፎርድ። አምስተኛው ሲገባ ግማሹ ሰው ወጣ። ስድስተኛው ሲገባ ዲኤስቲቪውን የያዘው ልጅ ምንም ሳይናገር ድምፁን ቀነሰልን። የማንቼ ደጋፊ ነበር። ሊያበሽቀን ይችል ነበር። ቀነሰልን። እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ስምንት። በዝናብ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

አንተ ወጣቱ፣ "አርቴታን ነው የማውቀው" ያልከው ወንድሜ፣ የት ነህ? እዚያ ነህ። ስማኝ፣ ልቆጣህ አይደለም። ሚኬል አርቴታ አርሴናል የገባው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? ኦገስት 31 ቀን 2011። ከዚያ እሁድ በኋላ በሦስተኛው ቀን! ያመጣው ማነው? ቬንገር። በኋላ ካፒቴን ያደረገው ማነው? ቬንገር። በዚያው ቀን የገባው ሜርትሳከር በኋላ የክለቡን አካዳሚ መራ። ሳካ በሰባት ዓመቱ አርሴናል ሲገባ አሰልጣኙ ማን ነበር? አንተ የምትወደው አርሴናል "ውርደት" ከተባለው እሁድ ማግስት ነው የተዘራው። ግድግዳው ላይ 2006 ብለን ብንዘጋው፣ ወንድሜ፣ የአርቴታንም መምጫ አብረን ቀባነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ልጨምርላችሁ። ግንቦት 9። በእኛ 1998 ግንቦት 9፣ ረቡዕ ማታ፣ ፓሪስ ላይ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከባርሴሎና ጋር። ሌማን በ18ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ አየ። በአሥር ሰው ካምፕቤል በቴስታ አገባ። እስከ 76ኛው ደቂቃ መራን። ከዚያ ኤቶ፣ ከዚያ ቤሌቲ። 2 ለ 1 ተሸነፍን። አሁን በእኛ 2006 ግንቦት 9። ልክ ስምንት ዓመት። ቅዳሜ። የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ከሃል ጋር። በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 ተመራን። አጠገቤ የነበረ ሰው "ይሄ ግንቦት 9 የተረገመ ነው" ብሎ ሊወጣ ተነሳ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ካዞርላ በቅጣት ምት አንድ አደረገ። ኮሺየልኒ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት፣ በ109ኛው ደቂቃ፣ ራምሲ! ዘጠኝ ዓመት ዋንጫ ያላየ ቤት እንዴት እንደጮኸ እዚህ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች አቅፌ አለቀስኩ። በ2015 ደገመ። በ2017 ቼልሲን አሸንፎ ሰለሰ። ሰባት ኤፍኤ ካፕ። ከእሱ በላይ የወሰደ አሰልጣኝ የለም። ሦስቱ የመጡት ከፈረንጁ 2006 በኋላ ነው። እነሱንም እንፋቃቸው?

አሁን ፊቴን ወደ እናንተ ላዙር፣ "ቬንገር ይውጣ" ትሉ ወደነበራችሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

የአባዬ ቤት አለቀ ብያችኋለሁ። ዕዳውም ተከፈለ። ግን ያልነገርኳችሁ አለ። አባዬ ቤቱ ካለቀም በኋላ እጁ አልተፈታም። አዲስ ቤት ውስጥ ገብተን አራት ዓመት መሬት ላይ አሮጌ ፍራሽ አንጥፈን ተኛን። እናቴ "አሁንማ አልጋ ይገዛ" ስትለው "ትንሽ እንቆይ" ይላታል። ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። ቁጠባው ጠባይ ሆኖበት ነው። ስድስት ዓመት የጨበጠ እጅ በአንድ ቀን አይዘረጋም። ነፍሱን ይማረው፣ እወደዋለሁ። ግን እናቴ ልክ ነበረች።

ቬንገር ላይ የደረሰውም እንዲሁ ይመስለኛል። በ2013 ኦዚልን በ42 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በዓመቱ ሳንቼዝን አመጣ። እጁ ተፈታ ብለን ተደሰትን። ከዚያ የ2015 ክረምት መጣ። አንድ በረኛ፣ ፒተር ቼክን ገዛ። ሜዳ ላይ የሚጫወት አንድም ሰው ለዋናው ቡድን አልገዛም። አንድም! ያን ዓመት ቼልሲ ወደቀ፣ ማንቼ ደከመ፣ ሲቲ ተንገዳገደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ማን ገባበት? ሌስተር! ሌስተርን ሁለት ጊዜ ያሸነፍነው እኛ ነን። 5 ለ 2 በሜዳቸው፣ 2 ለ 1 በሜዳችን። ዌልቤክ በመጨረሻው ሰከንድ ሲያገባ ዋንጫው የእኛ ነው ብዬ ምያለሁ። ሌስተር 81፣ እኛ 71። አንድ አጥቂና አንድ አማካይ ቢገዛ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። ይህን ጥፋት ከእሱ ላይ አላነሳም። ዕዳው ምክንያት አይሆንም፣ ባንኩም ምክንያት አይሆንም። ያ ዋንጫ በቁጠባ ጠባይ ነው የቀረው።

ስለዚህ 22ቱ ዓመት ይጻፍ ስል ሁሉም መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። 2016ም ይጻፍ ነው የምለው። የቆጨንም የእኛ ነው።

ሦስተኛው ስለ አወጣጡ ነው፣ ከዚያ እጨርሳለሁ።

በማርች 2017 ከዌስት ብሮም ጋር ስንጫወት ሁለት አውሮፕላን በሜዳው ላይ በረረ። አንዱ ጨርቅ እየጎተተ "ውል አይታደስለት" ይላል። ሌላው "እናከብርሃለን" ይላል። ጠባችን ሰማይ ላይ ወጣ። 3 ለ 1 ተሸነፍን። ያን ቀን እኔ እዚህ ሐዋሳ ካርቶን ቀድጄ "ውጣ" ብዬ በማርከር ጽፌ ቤቱ ውስጥ ሰቀልኩ። አንድ ጓደኛዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ተቀምጧል፣ ተነስቶ ካርቶኑን አወረደው። "ሽማግሌ እንዲህ አይባልም" አለኝ። እኔም ክፉ ቃል ተናገርኩት። እዚህ የማልደግመውን ቃል። ከልጅነታችን ጀምሮ አሞራ ገደል አብረን ዓሣ የበላን ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ ተኳረፍን። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ልጁ ክርስትና ሲነሳ አልሄድኩም። በአንድ ፈረንሳዊ አሰልጣኝ ምክንያት!

ሚያዝያ 12 ቀን 2010 በእኛ፣ አርብ፣ ቬንገር ሊለቅ መሆኑ በተሰማበት ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። "ሰማህ?" አለኝ። "ሰማሁ" አልኩት። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ "ወደ ሐይቁ እንውረድ" አለኝ። ፍቅር ሐይቅ ዳር እስኪመሽ ተቀመጥን። ስለ ካርቶኑ አላነሳም። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ይውጣ ማለቴ ስህተት አልነበረም። ዛሬም ያን ጊዜ መውጣት ነበረበት እላለሁ። ሃያ ዓመት ቤቴን የሠራልኝን ሰው በካርቶን "ውጣ" ማለቴ ነው ስህተቱ።

ሜይ 6 ከበርንሌይ ጋር ኤምሬትስ ላይ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። 5 ለ 0። ማይክ ሰጡት። እኛ ስለራሱ ይናገራል ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ ያነሳው ማንን ነው? ፈርጉሰንን! ከአንድ ቀን በፊት ፈርጉሰን በጭንቅላት ደም መፍሰስ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ስንት ዓመት የተናከሰውን የማንቼን አሰልጣኝ ምህረት እንዲያገኝ ተመኘለት። በራሱ ስንብት ላይ። ያ የካኑ ጎል ጊዜ እንድገመው ያለው ሰው አልተለወጠም ነበር። ጓደኛዬ ትከሻዬን ያዘኝ። እኔም ያዝኩት።

በጁላይ 2023 ኤምሬትስ ደጃፍ ላይ ሐውልት አቆሙለት። ዋንጫ ወደ ላይ አንስቶ ነው። ያምራል። ለእኛ ግድግዳ ግን እሱን አንቅዳ። ሥዕሉን የሚሥልልን ልጅ እዚህ ስላለ ልለምነው። በዚያ ረጅም ካፖርቱ ሣለው። ዚፑ እምቢ እያለው፣ ጎንበስ ብሎ ሲታገል። እኛ በየሳምንቱ ያየነው እሱን ነው። ከሥሩ 1996 – 2018 ብለህ ጻፍ። የቀለሙን ወጪ እኔ እችላለሁ።

ኮሚቴው በእጅ ይወሰን ብሏል። ወንድሜ፣ ቆጠራውን አንተ ያዘው፣ አርቴታን ነው የማውቀው ያልከው። እስክሪብቶ ስጡት።

እንጀምር። 2006 ይበቃል የምትሉ፣ መጀመሪያ እናንተ እጃችሁን አውጡ።